ክርስትና ስማቸው ማን ነበር?

የሆሳዕና ቅዳሴ እንዳበቃ ወደ ቤቱ የሚቸኩል ሰው አንድ ነገር ያመልጠዋል። ዘንባባውን ተቀብሏል፤ ከቅጠሉ ቀለበት ሠርቶ ጣቱ ላይ አጥልቋል፤ ልጆቹም ግንባራቸው ላይ አስረዋል። ታዲያ ምን ቀረ? ፍትሐት ቀረ። የማን ቢሉ፣ ምናልባት የራሱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰሙነ ሕማማት ጸሎተ ፍትሐት አይደረስም፤ ክርስትናም አይነሣም። ሳምንቱ የጌታ ሕማምና ሞት ብቻ የሚታሰብበት ነው። ሞት ግን ሥርዓት አያውቅምና በዚያ ሳምንትም የሚሞት አለ። ስለዚህ ካህናቱ አስቀድመው፣ በሆሳዕና ዕለት፣ በሕማማቱ ለሚያርፉት ፍትሐት ያደርሳሉ። እነማን እንደሆኑ ማንም አያውቅም። ነጠላውን አጣፍቶ የቆመው ሁሉ ዕጩ ነው።

በዚያ ሰዓት ሰዉን ልብ ብሎ ማየት ደስ ይለኛል። አንዲት ልጅ ሰፊ የሆነባትን የዘንባባ ቀለበት በአውራ ጣቷ ታሽከረክራለች። እናትየው በአንድ ጆሮዋ ጸሎቱን፣ በሌላው የልጇን ጭቅጭቅ ትሰማለች። አንድ አዛውንት መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ እያሸለቡ ይሁን እየጸለዩ አይለይም። «ይሄ እኮ የሙታን ጸሎት ነው» ብሎ የሚሸሽ የለም። እኛ ደግሞ ቤታችን ተቀምጠን ስለ ኑዛዜ ያነሣብንን ሰው «ምነው ክፉ ታወራለህ?» ብለን የምናስደነግጥ ሰዎች ነን። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ስንገባ ግን የራሳችንን ፍትሐት ዘንባባ ይዘን እንቆምለታለን።

ፍትሐት ሲነሣ የስም ጣጣ ይነሣል። ለቅሶ ቤት የደረሰ ሁሉ ይህን ያውቃል። ድንኳኑ ተተክሏል፣ የእድሩ ወንበር ተደርድሯል፣ ካህኑ ብዕራቸውን አውጥተው «ክርስትና ስማቸው ማን ነበር?» ይላሉ። ዝምታ። ሠፈሩ ሙሉ አርባ ዓመት «እትዬ» ሲላት የኖረች እናት ናት። የበኩር ልጇ ወንድሙን ያያል፣ ወንድሙ እኅቱን ያያል። አንዱ ዋሽንግተን ያለችው አክስት ጋ ይደውላል፤ እዚያ ሌሊት ነው፣ አይነሣም። በመጨረሻ ከማዕድ ቤት በኩል፣ ሽንኩርት ስትልጥ የነበረች አንዲት ባልቴት እጇን በመቀነቷ እየጠረገች ብቅ ትልና «ወለተ ሰንበት» ትላለች። ልጆቹ የእናታቸውን ስም ገና በቀብሯ ቀን ይሰማሉ።

ሲልቪያ ፓንክረስትም እንዲሁ ናት። ለኢትዮጵያ ስትሟገት የኖረችው እንግሊዛዊት በ1953 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት አዲስ አበባ ላይ ዐረፈች፤ መቃብሯም ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። ቤተ ክርስቲያን የሸኘቻት ወለተ ክርስቶስ ብላ ነው። በጋዜጣ የታወቀው ስም ለዚያ መንገድ አይሆንም ነበር።

ስሙ ከየት መጣ? ከጥምቀት። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን። የሙት መታሰቢያውስ መቼ ነው? በአርባና በሰማንያ። መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በአርባ ቀኑ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀኗ ገነት እንደገቡ ይናገራል፤ ሕፃናቱን በዚያው ቁጥር ወደ ቤተ ክርስቲያን የምናስገባቸውም ስለዚህ ነው ይባላል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የሞተውን ሰው የምንቆጥርለት በተወለደበት መዝገብ ነው። ስሙም ያው፣ ቀኑም ያው። ይህን ያደረገ ሰው ሞትን እንደ መጨረሻ ያየ አይመስለኝም፤ አለዚያ አዲስ ቁጥር ባወጣ ነበር። ስለ ተስፋ ከሰማኋቸው ብዙ ስብከቶች ይልቅ ይህች ቆጠራ ታሳምነኛለች።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ቆጠራዋን ትንሽ ያላሏታል። አርባው ማክሰኞ ከዋለ ማን ከሥራ ይቀራል? ስለዚህ ወደ ቅዳሜ ይገፋል፤ የአሜሪካ አርባ አንዳንዴ ሠላሳ ሰባት፣ አንዳንዴ አርባ አራት ነው። አዳም የሚቀየም አይመስለኝም።

ንፍሮውንም አልዘለውም። በለቅሶ ቤት ሰፌድ ላይ የሚዞረው ስንዴና ሽምብራ ለሆድ መያዣ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ግሪኮችም ለሙታን መታሰቢያ ስንዴ ይቀቅላሉ፤ ኮሊቫ ይሉታል፤ የሚቀቅሉትም በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ጌታ ስለ ስንዴ ቅንጣት የተናገረውን እያሰቡ ነው። የኛዎቹ እናቶች ይህን አስበው ይቀቅሉት እንደሆነ እንጃ፤ ከጓዳ የሚሰማው «ጨው አንሶታል» የሚል ክርክር ነው።

አንድ የማልወደው ነገር አለ። ደረቷን የምትደቃ እናት አጠገብ ተቀምጦ «በቃ እንጂ! ክርስቲያን አይደለሽም ወይ?» የሚል አጽናኝ አይጠፋም። ተስፋን አፍ መክደኛ ያደርገዋል። አልዓዛር መቃብር ላይ ጌታ ራሱ አለቀሰ፤ ያውም ከአፍታ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ! ማንም «በቃ» አላለውም። ቆመው የነበሩት አይሁድ እንኳ ምን ያህል ይወደው እንደነበር ነው የተነጋገሩት። እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብሎ ዝም ማለት፣ ውኃ ማቀበል፣ ከቻሉ አብሮ ማልቀስ በቂ ነው።

ያ አልዓዛር ከትንሣኤ በኋላ የራሱ ቀን አለው። ሰኞ ማዕዶት፣ ማክሰኞ ቶማስ፣ ረቡዕ አልዓዛር፤ ሐሙስ ደግሞ የአዳም ነው። ያ ሰሞን እስከ በዓለ ሃምሳ ድረስ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። አርባው እዚያ ውስጥ የወደቀለት ቤተሰብ ከሐዘኑ ባይገላገል እንኳ ከአንድ ነገር ይገላገላል፤ የእድሩ ሴቶች ድስት ጥደው «የጾም ነው የፍስክ?» ብለው አይጠይቁትም።