ዛጎሉና መልአኩ

አንድ ዓሣ ለመያዝ ስምንት ቀን ፈጅቶብኛል። ዓሣው ከመሐል ጣቴ አይበልጥም፤ ያለበትም ባሕር የአጎቴን ሳሎን አንድ ጎን ይዞ የቆመ፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ከሃያ ሳንቲ ሜትር የሆነ የመስተዋት ገንዳ ነው። በእነዚያ ስምንት ቀናት ስለ ዓሣ ጠባይ ብቻ ሳይሆን፣ እንጀራዬን ስለምበላበት ሙያም ያልጠበቅሁትን ትምህርት አግኝቻለሁ።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። በ19 ዓመታቸው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ውስጥ ተቀጥረው ምጽዋ ወረዱ፤ ወጣትነታቸውንም ቀይ ባሕር ላይ ጨረሱ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ ስትገባ እዚያው ነበሩ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የባሕር ኃይሉ መርከቦች ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሲሸሹም ከተሳፈሩት አንዱ ናቸው። እኔ ያን ጊዜ ገና የእናቴን ጡት አልጣልኩም ነበር። ዛሬ አጎቴ የሚኖሩት አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ትዳር አልያዙም፤ ልጅም የላቸውም። ያላቸው ገንዳው ነው።

ገንዳው 450 ሊትር ያህል ውኃ ይይዛል። ውኃው እንደ ባሕር ጨዋማ ነው፤ በሊትር 35 ግራም ጨው አለው፤ ሙቀቱም ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ይጠበቃል። በውስጡ ኮራሎች እንደ ቁጥቋጦ በቅለዋል፤ ትንንሽ ዓሣዎችም በመሐላቸው ይመላለሳሉ። የአጎቴ ልብ ያለው ግን በገንዳው መሐል፣ ዐለት ላይ ተጣብቆ በሚኖር አንድ ዛጎል ላይ ነው። ዛጎል ስል አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን ባዶ ቅርፊት ማለቴ አይደለም። ቅርፊቱን እንደ ቤት ይዞ በሕይወት ያለውን እንስሳ ነው።

የሳይንስ ስሙ «ትሪዳክና ማክሲማ» ይባላል። ግዙፍ ዛጎሎች ከሚባሉት ወገን ነው። የዘሩ ትልቁ፣ «ትሪዳክና ጊጋስ»፣ ከአንድ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ክብደቱም ከ200 ኪሎ ያልፋል። የአጎቴ ግን ከዘጠኝ ዓመት እንክብካቤ በኋላ ገና 18 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። መብራቱ ሲበራ ሁለቱ ቅርፊቶች ይከፈቱና በመሐላቸው ሰማያዊና ወርቃማ የተዥጎረጎረ ሥጋ ተዘርግቶ ይወጣል። አጎቴ «ጥለቱ» ይሉታል። በእርግጥም የነጠላ ጥለት ይመስላል።

ይህ ጥለት ለጌጥ ብቻ የተፈጠረ አይደለም። በሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። ነገሩ እንደ አገራችን የእኩል እርሻ ነው። ዛጎሉ ማሳውን ይሰጣል፤ አልጌዎቹ ብርሃን ያርሳሉ፤ ያመረቱትን ስኳር ይካፈሉታል። እንግዲህ ዛጎሉ ጥለቱን ካልዘረጋ ማሳው ብርሃን አያገኝም፤ ብርሃን ከሌለም ምርት የለም። በጥለቱ ዳር ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ዓይኖች ተደርድረዋል። መልክ ባይለዩም ጥላ ይለያሉ። እጅዎን በመስተዋቱ ፊት ቢያሳልፉ ጥለቱ በቅጽበት ይሰበሰባል። ሌላ መከላከያ የለውም። በእግሩ ሥር ባወጣቸው ጭረቶች ዐለቱን ጨምድዶ ስለያዘ መሸሽ አይችልም፤ በጉልበት የነቀለው ሰው ሥጋውን ቀዶ ሊገድለው ይችላል።

እኔ አጎቴ ቤት የሰነበትኩት ለዘመድ ጥየቃ ብቻ አልነበረም። እውነቱን ልናገር፤ አንድ ጽሑፍ ፈልጌ ነበር። የምጽዋን ውድቀት በዓይኑ ያየ ሰው እቤቴ ውስጥ እያለ እንዴት ዝም እላለሁ? ማታ ማታ ስልኬን መቅጃው ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥና እጀምራለሁ። «ጋሼ፣ ያን ዕለት የት ነበሩ? ከእርስዎ ጋር ከነበሩት ስንቱ ተረፈ? ማን ነው መጀመሪያ የሸሸው?» መጀመሪያ መጀመሪያ ይመልሱልኝ ነበር። ኋላ መልሳቸው እያጠረ ሄደ። ከዚያ «መብራቱን ላስተካክል» እያሉ መነሣት አመጡ። በሁለተኛው ሳምንት እራታቸውን መኝታ ቤታቸው ይበሉ ጀመር። እኔም እርጅና ነው ብዬ ተርጉሜ አለፍኩት።

በዚህ መሐል ታላቅ ወንድማቸው አዲስ አበባ ላይ አረፉ። ለተዝካር ሲሄዱ ገንዳውን ለስድስት ሳምንት ለእኔ አደራ ሰጡኝ። የአደራው ዝርዝር አጭር ነበር፦ በየቀኑ የተነነውን ውኃ መተካት፣ ዓሣዎቹን ማብላት፣ በሳምንት አንዴ ውኃውን መመርመር፤ ምንም ነገር አለመጨመር። የመጨረሻዋ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ተሰምሮባታል።

ጨው ልገዛ የሄድኩበት መደብር ውስጥ ያን ዓሣ አየሁት። እሳት የሚመስል ቀይ ገላ፣ በጎኑ ጥቁር ሰረዝ፣ የክንፎቹ ጫፍ ሰማያዊ። ስሙንም ሲነግሩኝ ልቤ ይበልጥ ወደደው፦ የነበልባል መልአክ። ገነትን በነበልባል ሰይፍ የሚጠብቀው ኪሩብ ታየኝ። ሻጩ አልደበቀኝም። «አንዳንዱ ዛጎል ይነካካል፤ አንዳንዱ አይነካም፤ እንደ ዓሣው ጠባይ ነው» ብሎኛል። እኔ ግን የሰማሁት ሁለተኛውን ብቻ ነው። ከሐዘን ለሚመለስ ሰው ያማረ ስጦታ ይሆናል ብዬ ገዛሁት።

ለአሥር ቀን ሁሉ ሰላም ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን የዛጎሉ ጥለት እንደ ወትሮው እንዳልተዘረጋ አየሁ። ጠርዙ ተኮማትሯል። ውኃውን መረመርኩ፤ ጨውም ሙቀትም ልክ ነው፤ ካልሲየሙ በሊትር 420 ሚሊ ግራም፣ ደኅና ነው። የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ፣ ሌሊት ሌሊት የዛጎልን ፈሳሽ የሚመጡ ቀንድ አውጣዎች እንዳሉ አንብቤ ስለነበር በእኩለ ሌሊት ባትሪ ይዤ ቅርፊቱን ዙሪያውን ፈተሽኩ። የለም። ወደ መስተዋቱ በቀረብኩ ቁጥር ደግሞ ዛጎሉ ጥላዬን ፈርቶ ይዘጋል፤ ስለዚህ ምን እንዳስጨነቀው ለማየት አልቻልኩም። በመጨረሻ ወንበሬን ከሳሎኑ ማዶ ወስጄ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳልንቀሳቀስ ተቀመጥኩ።

ያን ጊዜ አየሁት። መልአኩ ከዐለት ሥር ብቅ ይላል፤ ጥለቱን አንዴ ነከስ ያደርጋል፤ ይሄዳል። ዛጎሉ ይዘጋል። ከደቂቃዎች በኋላ ፈራ ተባ እያለ ሲከፈት ዓሣው ይመለሳል፤ እንደገና አንዴ ነከስ። ደም የለ፣ ቁስል የለ፣ ጠብ የለ። ዓሣው እንኳ የተቆጣ አይመስልም። በተፈጥሮው ቀኑን ሙሉ ዐለት ላይ አልጌና ጥቃቅን ነገር እየለቀመ የሚውል ፍጡር ነው፤ የዛጎሉም ጥለት ለእርሱ ከዐለቱ አንዱ ክፍል ነው።

ለካስ ዛጎሉን የሚገድለው ንክሻው ብቻ አይደለም። የተነከሰው ሥጋ ሊድን ይችላል። በፍርሃት ተዘግቶ የዋለ ዛጎል ግን በብርሃን መሐል ሆኖ ይራባል። ማሳውን በራሱ እጅ አጥፎ ይዞ፣ ቀን በቀን እየመነመነ፣ በመጨረሻ ቅርፊቱን መዝጋት እንኳ አቅቶት ተበርግዶ ይሞታል።

የዛጎሎችን ዕጣ ሳነብ ያገኘሁት ሌላ ነገርም አሳዘነኝ። በቀይ ባሕር ውስጥ እነዚህ ግዙፍ ዛጎሎች ሦስት ዓይነት ናቸው። ሦስተኛው ዓይነት ራሱን የቻለ ዘር መሆኑን ተመራማሪዎች ያስታወቁት እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በጥንታዊው የባሕር ዳር ዐለት ውስጥ ከሚገኙት የግዙፍ ዛጎል ቅሪቶች ከመቶ ሰማንያ በላይ የሚሆነው የእርሱ ሲሆን፣ ዛሬ በሕይወት ካሉት መካከል ግን ከመቶ አንድ አይሞላም። ተመራማሪዎቹ ሰው ከጥንት ጀምሮ እየለቀመ እንደጨረሰው ይገምታሉ። ጥልቀት በሌለው ውኃ የሚኖር፣ በእጅ የሚደረስበት፣ የማይሸሽ እንስሳ ነውና። ዛሬ የግዙፍ ዛጎሎች ንግድ ሳይቴስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው፤ ለገንዳ የሚሸጡትም ብዙዎቹ እንደ ፓላው ባሉ ደሴቶች የሚራቡ ናቸው።

ወደ ጥፋቴ ልመለስ። አራት ቀን ደበቅሁ። ዓሣው ከጠገበ ይተዋል ብዬ በቀን ሦስት ጊዜ የባሕር ቅጠል አበላሁት። ጠገበ፤ መነካካቱን ግን አልተወም። ረኃብ ሳይሆን ልማድ ነበር። በአምስተኛው ቀን እፍረቴን ዋጥ አድርጌ አዲስ አበባ ደወልኩ።

አጎቴ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ እንደ ባሕር ኃይል ሰው በቁጥር አዘዙኝ። «አንደኛ፣ ዛጎሉን እንዳትነቅለው። ሁለተኛ፣ እንጆሪ የሚሸጥበት ባለ ቀዳዳ የፕላስቲክ ቅርጫት አለ፤ አጥበህ ድፋበት፤ ጥለቱ ሲዘረጋ ቅርጫቱን እንዳይነካ ሰፋ ያለውን ምረጥ። በድንጋይ አስይዘው። ሦስተኛ፣ ጓዳ ውስጥ የዓሣ ወጥመድ አለ። አራተኛ፣ በመረብ እንዳታሯሩጠው፤ ገንዳውን ታፈርሰዋለህ።»

ቅርጫቱን ደፋሁ። ብርሃን በቀዳዳው ይገባል፤ ዓሣው ግን አይገባም። ቀዳዳዎቹን አልጌ እንዳይሸፍናቸው በየቀኑ በጥርስ ብሩሽ እፍቅ ነበር። ወጥመዱ ደግሞ ከጠራ ፕላስቲክ የተሠራ ሣጥን ነው፤ መዝጊያው በሲባጎ ይያዛል። ውስጡ ምግብ አድርጌ፣ ሲባጎውን ይዤ ከሳሎኑ ማዶ ተቀመጥኩ። ሌሎቹ ዓሣዎች እየገቡ ግብዣውን ይጨርሱታል፤ መልአኩ ግን ከደጅ ቆሞ ያያል። በአራተኛው ቀን ራሱን አስገባ። በስድስተኛው ገብቶ በልቶ ወጣ፤ ፈጥኜ ብስብ ዳግመኛ እንደማይመለስ ስለገባኝ ተውኩት። በስምንተኛው ቀን ተረጋግቶ ሲበላ ሲባጎውን ለቀቅሁ። ሻጩ መልሶ ተቀበለኝ። ዛጎል በሌለበት ቤት ጥሩ ዓሣ ነው።

ዛጎል ማኖር ለሚፈልግ ሰው የተማርኩትን ባጭሩ ልናገር። መልአክ ዓሣና ቢራቢሮ ዓሣ፣ ከትንሽ እስከ ትልቁ፣ አይታመኑም። አንዱ ዓመት ሙሉ ጨዋ ሆኖ ቆይቶ በአንድ ማለዳ ሊጀምር ይችላል። ራሱን የሚነፋው ዓሣና ጠንካራ መንጋጋ ያለው ትሪገርፊሽ ደግሞ ጨርሶ መግባት የለባቸውም። ስለዚህ ቀድሞ ዛጎሉን ማሰብ፣ ከዚያ ለዛጎሉ የሚስማማ ጎረቤት መምረጥ ነው። እኔ የሠራሁት ተቃራኒውን ነው።

እነዚያን ስምንት ቀናት ሲባጎ ይዤ ስቀመጥ ጸጥታው ሌላ ነገር አሳሰበኝ። የመኝታ ቤቱ በር ታየኝ። እራት የያዘው ሰሐን ታየኝ። በየማታው አንዲት ጥያቄ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። አንዷም ብቻዋን ስትታይ ክፉ አልነበረችም። ክፋት አልነበረኝም፤ የምለቅመውን እየለቀምኩ ነበር። ትምህርት ቤት ሳለሁ ጥሩ ጋዜጠኛ መልስ እስኪያገኝ ይጠይቃል ተብዬ ዲፕሎማ ተቀብያለሁ። የተጠያቂው በር ሲዘጋ ምን እንደሚራብ ግን ያስተማረኝ አልነበረም።

አጎቴ ሲመለሱ ዛጎሉ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ተከፍቶ ነበር። ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ ከሩቅ ቆመው አዩት።

«ከፍቶልሃል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ያን ዓሣ...»

«ዓሣው ምን ያድርግ። ሥራው ነው» አሉና ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልኬን አየት አደረጉት። ብድግ አድርጌ ኪሴ ከተትኩት። ሌላ ነገር አልተባባልንም።

ከዚያ ወዲህ አልጠየቅኋቸውም። ማታ ማታ ሁለታችንም ከሳሎኑ ማዶ ተቀምጠን ገንዳውን እናያለን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመስለኛል፣ እራታችንን አብረን በልተን እንደጨረስን፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ስለ ዳህላክ ጀመሩ። ማዕበል በሌለበት ጧት ውኃው እንዴት እንደሚጠራ፣ ጉልበት በማይደርስ ጥልቀት ላይ ዛጎሎቹ ጥለታቸውን ዘርግተው እንዴት እንደሚታዩ፣ የመርከበኛ ጥላ ሲያርፍባቸው እንዴት ተራ በተራ እንደሚዘጉ። ከዚያ የአንድ ጓደኛቸውን ስም ጠሩ፤ ስለ እርሱም አንድ ነገር ነገሩኝ። እርሱን እዚህ አልጽፈውም።

ሲጨርሱ «ከዚያስ?» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጥኩት። «ጋሼ፣ ቡና ላፍላ?» ብዬ ተነሣሁና፣ ጥላዬ መስተዋቱ ላይ እንዳያርፍ በወንበሮቹ ጀርባ ዞሬ ወደ ማድ ቤት አለፍኩ።