ስለ ዶዮገና መንገድና ስለ አውቶሞቢል መሰናዶ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቡታጅራና በወራቤ በኩል ወደ ሆሣዕና የሚሄድ መንገደኛ፥ እስከዚያ ያለውን ጉዞ በማናቸውም ደኅና አውቶሞቢል ሊፈጽመው ይችላል። ከሆሣዕና ወደ ደቡብ አልፎ ወደ አሬካና ወደ ሶዶ በሚወስደው ጐዳና ላይ ያለችውን የዶዮገናን ከተማም እንዲሁ ያለ ብዙ ድካም ይደርስባታል። ነገር ግን ከከተማይቱ ወጥቶ በየኰረብታው ወዳሉት ቀበሌዎች ለመዝለቅ የሚያስብ ሰው፥ ይልቁንም ቤተ ሰቡን አሳፍሮ የሚሄድ እንደ ሆነ፥ አስቀድሞ መኪናውን ማሰናዳት ይገባዋል። በዚህ ዘመን ብዙ ሰዎች ላንድክሩዘር ወይም ሌላ አራቱም ጎማው ኃይል የሚቀበል መኪና ይዘው ለሩቅ አገር ጉዞ ማሰናዳት ስለ ጀመሩ፥ ለጀማሪ የሚበጀውን በዚህ ገጽ ልንጽፍ ወደድን።

ከመኪናው በፊት አገሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ዶዮገና በከምባታ ዞን የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት፤ ኰረብታዎቿ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣሉ። አፈሩ ቀይ ሸክላ ነው፤ በበልግም በክረምትም ዝናም ይወርድበታልና ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል፥ ሲርስ ደግሞ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። በየቤቱ ዙሪያ እንሰት ቆሟል፤ ከእንሰቱ ቀጥሎ ድንች፥ ገብስ፥ ስንዴና ባቄላ ይታያል። ተዳፋቱ ሁሉ በእርከን የተሸነሸነ ሲሆን፥ በእርከኑ ጠርዝ ላይ ደሾ የሚባለው ሣር ተተክሎበታል። ሥሩ አፈሩን ይይዛል፤ ታጭዶም ለከብትና ለበግ ቀለብ ይሆናል። የዶዮገና በግ ስሙ የታወቀው፥ ገበሬዎቹም በማኅበር ሆነው ከአሬካ የእርሻ ምርምር ማዕከል ጋር ዘሩን የሚያሻሽሉት፥ በዚህ ሣር ጭምር እየተመገበ ነው።

ስለዚህ በውጭ አገር መጻሕፍት ከመንገድ ውጭ መንዳት ተብሎ የሚነገረው ነገር ለዶዮገና አይስማማም። በሰሐራ ወይም በአውስትራልያ በረሃ ከመንገድ የወጣ ጎማ በባዶ ምድር ላይ ይሄዳል። በከምባታ ግን ሕዝቡ ብዙ፥ መሬቱም ጠባብ ስለ ሆነ፥ ከመንገድ የወጣ ጎማ ወዲያው በሰው እርሻ ላይ ያርፋል፤ ገበሬው በብዙ ዓመት ድካም ያቆመውን እርከንም በአንድ ደቂቃ ያፈርሰዋል። በፈረሰው በኩል የሚወርደው ጐርፍ ደግሞ የጐረቤቱን ማሳ ጭምር ይዞ ይሄዳል። እንግዲህ በዚህ አገር መኪና የሚሰናዳው መንገድ ለመልቀቅ ሳይሆን፥ ባለው አስቸጋሪ መንገድ ላይ ጸንቶ ለመቆየት ነው። የዕቃውም ምርጫ ከዚህ ይነሣል።

የመጀመሪያው ገንዘብ ለጎማ ይሁን። ብዙ ጀማሪዎች ሰፊ ጎማ ለመልክ ያምራል ብለው ይገዛሉ፤ ሰፊ ጎማ ግን በአሸዋ ላይ ቢጠቅምም፥ በሸክላ ጭቃ ላይ ይንሳፈፋል። በ1977 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው የ70 ተከታታይ ላንድክሩዘር በብዙ አገር የሚጫማው 7.50 በ16 የሆነው ቀጭንና ረጅም ጎማ፥ ላዩን ጭቃ ቀድዶ ከሥሩ ያለውን ጠንካራ ምድር ይይዛል። ጭቃ በበዛበት ስፍራ ነፋሱን ከ35 ወደ 25 ፒ.ኤስ.አይ. ዝቅ ማድረግ ይረዳል፤ ከዚያ በታች ግን ከመነዳሪ ያለው ጎማ በቸርኬው ላይ ሊዞር ይችላልና መጠንቀቅ ነው። ወደ አስፋልት ሲመለሱ እንደገና ለመሙላት መንፊያና የነፋስ መለኪያ ከመኪናው አይለዩ። ስኮርታውም እንደ አራቱ ጎማዎች ደኅና መሆን አለበት። ዝናም ከጣለ ግን ከጎማ ሁሉ የሚሻለው መንገዱ እስኪጠነፍፍ ጥቂት ሰዓት መቆየት ነው፤ በእርጥብ ጊዜ የተቈፈረ የጎማ ቦይ ሲደርቅ ለፈረስ ጋሪው መሰናክል ሆኖ ይቀራልና።

ሁለተኛው ነገር ክብደት ነው። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ፥ ቱርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ዳርቻ ካለው ኃይል ሩብ ያህሉን ያጣል። የሚጫነው ዕቃ ሁሉ ከቀረው ኃይል ላይ የሚከፈል ግብር ነው። አባቶቻችን አጋሰስ ሲጭኑ ግራና ቀኙን አመዛዝነው፥ መጫኛውን አጥብቀው ያሥሩ ነበር፤ ያጋደለ ጭነት በቅሎይቱን ገደል እንደሚከታት ያውቃሉና። ለመኪናም ሕጉ ይኸው ነው። ሃያ ሊትር ውሃ ሃያ ኪሎ ይመዝናል፤ ሃያ ሊትር ናፍታ ከነጄሪካኑ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ይህን ሁሉ በፖርቶመጋላ ላይ ከምሮ በዶዮገና ተዳፋት ላይ በጐን የሚሄድ ሰው፥ መኪናውን ለመገልበጥ ራሱ ያሰናዳው ይመስላል። ከባዱ ዕቃ በወለሉ ላይ፥ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ይሁን፤ ከላይ ብርድ ልብስና ድንኳን ብቻ ይቀመጥ። ባሌስትራ መጨመርም ጭነቱ ታውቆ ከተመዘነ በኋላ የሚደረግ ነገር ነው፤ ባዶውን በጠንካራ ባሌስትራ የሚሄድ መኪና ይዘላል እንጂ አይሄድም።

ለቤተ ሰብ ከሁሉ የሚበልጠው የመቀመጫው ነገር ነው። በብዙ ላንድክሩዘር ከኋላ ያሉት አግዳሚ ወንበሮች ፊት ለፊት የተያዩ ናቸው፤ በነዚህ ላይ ሕፃናትን አስቀምጦ ገደላማ መንገድ መውጣት አይገባም። ወደ ፊት የሚያይ፥ በቡሎን ከመኪናው አካል ጋር የተያያዘና ቀበቶ ያለው መቀመጫ ማሠራት ከፓውዛና ከብረት ፓራውልት ይቀድማል። ክሪኩ፥ አካፋውና ጄሪካኑም ሳይታሠሩ አይተዉ፤ ፍሬን በድንገት ሲያዝ ወደ ልጆች የሚወረወሩት እነርሱ ናቸው።

በኤሌክትሪክ የሚሠራውን መጐተቻ መዘውር ብዙ ሰው ይመኘዋል። እኛ ግን ለጀማሪ ዕቃው ከባድ፥ ጥቅሙም ጥቂት ሆኖ አግኝተነዋል። ገመዱ የሚታሠርበት ነገር ያስፈልገዋልና፤ እንሰት ደግሞ ግንድ ይመስላል እንጂ የቅጠል እግሮች ተጠቅልለው የቆሙበት ስለ ሆነ መኪና ሊስብ አይችልም። ባሕር ዛፉም ባለቤት አለው። አካፋ፥ ሁለት ጠንካራ ሳንቃና አንድ ደኅና ገመድ ይበቃሉ። ገመዱ በሻንሲው ላይ ባለው መንጠቆ ይታሠር። ተሳቢ ለመጐተት በተሠራችው የብረት ኳስ ላይ ማሠር በልዩ ልዩ አገር ሰው የገደለ ነገር ነው፤ ኳሷ ስትሰበር እንደ ጥይት ትወነጨፋለችና። ሲጐተትም ሴቶችና ልጆች፥ ለመርዳት የመጡት የሰፈሩ ሰዎችም፥ ከገመዱ ርዝመት ይልቅ ርቀው ይቁሙ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ወሰነ፥ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና ጠብቆ ማኖር ከቀድሞው ይልቅ ዋጋ ያለው ነገር ሆኗል። ስለዚህ አዲስ ጌጥ ከመግዛት በፊት ፍሬኑን፥ ቺንጊያውን፥ ራዲያተሩንና ባትሪውን ማሳየት፤ የአየር ማጣሪያውንም በበጋ አቧራ ጊዜ ቶሎ ቶሎ ማጽዳት ነው። የመኪናውን አካል መለወጥ በየዓመቱ በሚደረገው የቴክኒክ ምርመራ ጊዜ ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላልና፥ ላሜራ ከመቈረጡ በፊት ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማስታወቅ ይገባል።

ስለ ስንቅ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። በሶ፥ ዳቦ ቆሎና ጭኮ ሳይበላሹ ስለሚቆዩ ለመንገድ ይበቃሉ፤ ከደረሱ በኋላ በሆሣዕና አተካና፥ በዶዮገናም ቆጮና ቡላ ይገኛል። ሲመለሱም የቤት እመቤቲቱ ከገበያ የምትሸምተው ድንችና ቡላ ስፍራ ስለሚፈልግ፥ ከኋላ ወንበሩ በስተ ጀርባ፥ በወለሉ ላይ፥ የአንድ ጆንያ ያህል ባዶ ቦታ ይተውላት።