የቤቱስ ተያዥ ማነው?

ድሮ ደሴ ላይ የቤት ሠራተኛ የምትቀጠረው በተያዥ ነበር። ደላላው ልጅቱን ይዞ ይመጣል፤ እመቤቲቱ «ተያዥ አላት ወይ?» ትላለች፤ ዘመድ ወይም ያገር ልጅ ቀርቦ ይፈርማል። ዕቃ ቢጠፋ ተጠያቂው እሱ ነው። ግን ተያዡ ለልጅቱም ተያዥ ነበር። በበዓል ብቅ ብሎ አያያዟን ያያል፤ ከከፉባት «ልጄን ስጡኝ» ብሎ ይዟት ይሄዳል።

እኔ ሳዑዲ፣ ራውዳ ሰፈር ስገባ ይህ ልማድ እዚህም ነበር። የማዳሜ እህት ሠራተኛ ስትፈልግ እኔን ታስጠይቀኛለች። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ ልጆቹ ስንት ናቸው? የምትተኛበት ክፍል ከውስጥ ይቆለፋል? ደመወዙስ በወሩ ይከፈላል? መልሱ ካላማረኝ «የማውቃት ልጅ የለችም» እላለሁ፤ በዚያው ያበቃል።

ዛሬ ቅጥሩ በሙሳነድ፣ በመንግሥቱ የኦንላይን ሥርዓት ነው። ጥቅሙን አልክድም። በ2006 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ወገኖቻችን ወረቀት የላችሁም ተብለው እዚሁ ሳዑዲ ከመንፉሓ ሰፈር እየታፈሱ ሲባረሩ ያየ ሰው ወረቀትን አይንቅም። ግን ወረቀቱ አጥብቆ የሚመረምረው ልጅቱን ነው። ፎቶዋን፣ ዕድሜዋን፣ ሃይማኖቷን፣ የፖሊስ አሻራዋን፣ የደምና የእርግዝና ምርመራዋን ትሰጣለች። «ተስማምቻለሁ» በሚለው ላይ ትፈርማለች፤ ብዙዎቹ ቅጹን እንኳ ሳያነቡት። ቤተሰብ ተበድሮ እየጠበቀ፣ እምቢታ ከየት ይመጣል?

ሕጉስ አለ። ኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች፤ የሳዑዲው ሕግም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከመስከረም 2024 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ይሠራል። ሁለቱም ፈቃዱን የሰጠ ሰው መልሶ ማንሳት ይችላል ይላሉ። ፈቃዷን ያነሳች ልጅ ግን ጉዞዋንም አብራ ማንሳቷ ነው፤ ይህን ደግሞ እሷም ኤጀንሲውም ያውቃሉ።

ስለ ቤቱስ? እዚያ ግቢ ማን እንዳለ፣ ከእሷ በፊት የነበረችው ምን እንደገጠማት የሚናገር አሻራ ማን ሰጠ? በቅርቡ ከኮምቦልቻ ልትመጣ የተዘጋጀች የጓደኛዬ እህት ደውላ «እትዬ፣ ምን ልጠይቃቸው?» አለችኝ።

«ከእኔ በፊት ስንት ሰው ሠራበት፣ ለምንስ ወጡ በያቸው» አልኳት።

ጠየቀች። የኤጀንሲው ሰው «የሰው ቤት ገመና አይጠየቅም» ብሎ መለሰላት።