የሕማማት አበባ

በሞቃት አገር ከሚበቅሉት፥ ፍሬያቸውም ከሚበላው ሐረጎች አንዲቱ በፈረንጆች ቋንቋ የሕማማት አበባ ትባላለች። ፍሬዋ በአዲስ አበባ ፓሽን ፍሩት በሚለው የእንግሊዝኛ ስም ይሸጣል፤ የስሙ ምስጢር ግን ለብዙዎች የተሰወረ ነው።

የትውልድ አገሯ ደቡብ ብራዚል፥ ፓራጓይና ሰሜን አርጀንቲና ነው። ወደ አሜሪካ የተሻገሩ የስፔን መነኮሳት የዚህችን ወገን አበባ ባዩ ጊዜ የጌታ ሕማማት የተጻፈባት መስሎ ታያቸው። ጃኮሞ ቦሲዮ የተባለው ጸሐፊም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1610 ዓ.ም. በሮማ ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን አስታወቀ። እንደ ትርጓሜያቸው በመካከሏ በክብ የተደረደሩት ቀጫጭን ክሮች አክሊለ ሦክ፥ ሦስቱ የሴቴዋ ራሶች ችንካሮች፥ ተጠምጣሚዎቹ ጅማቶች ጅራፎች ናቸው፤ አምስቱ ወንዴዎችም የአምስቱ ቍስሎች ምሳሌ ተባሉ። በኢትዮጵያ ግን ቅንዋተ መስቀል አምስት ናቸውና፥ አበባዋን አስቀድሞ ያያት ኢትዮጵያዊ መነኵሴ ቢሆን ኖሮ ችንካሮቹን በአምስቱ ወንዴዎች ላይ ባነበበ ነበር።

ምሳሌው ለአስተዋይ ቢጠቅምም፥ እያንዳንዱ ብልት ለሐረጊቱ የሚፈጽመው የራሱ ሥራ አለው። ጅማቱ ከቅጠሉ ብብት ወጥቶ አንዳች ድጋፍ ሲነካ ይጠመጠማል፤ ብቻዋን መቆም የማትችለው ሐረግም በሌላው ዛፍ ትከሻ ላይ ፍሬዋን ትሸከማለች።

ይልቁንም ቢጫ ፍሬ የምትሰጠው ዓይነት ጠባይዋ ያስደንቃል። አበባዋ በቀትር ተከፍታ ሲመሽ ትዘጋለች፥ ዳግመኛም አትከፈትም። የገዛ ራሷ ዱቄት አያስፈራትም፤ ከሌላ ሐረግ ሊመጣላት ይገባል። ዱቄቷም ከባድና የሚጣበቅ ስለ ሆነ ነፋስ አይወስደውም። የማር ንብ እንኳ ትንሽ ናትና፥ ዱቄቱን ሰብስባ የሴቴዋን ራስ ሳትነካ ትመለሳለች። ሥራውን በሚገባ የምትፈጽመው ደረቅ እንጨት ሰርስራ የምትኖረው ትልቋ ንብ ናት፤ ከአበባዋ ስትቀስም ጀርባዋ ከወንዴዎቹ ዱቄት ይቀባል፥ ያንኑም ለሌላዪቱ ታደርሳለች። በፍሬው ውስጥ እያንዳንዱ ዘር በራሱ የጭማቂ ከረጢት የተጠቀለለ ነውና፥ ዱቄቱ ያነሰባት አበባ የምታፈራው ቀሊልና ባዶ ፍሬ ነው።

ስለዚህ በብራዚል ይህች ንብ በጠፋችበት ስፍራ አትክልተኛው ከአበባ ወደ አበባ እየዞረ ዱቄቱን በጣቱ ያዳርሳል። ደረቁን ግንድ የማይረባ ነው ብሎ ያቃጠለ ሰው የንቢቱን ቤት አቃጥሏል፤ ወራቱም ሲደርስ በአበባ የተሸፈነ ሐረግ ያያል እንጂ ፍሬ አይለቅምም።