የጠብ ቢላዋ ምረጥልኝ ላለኝ የእኅቴ ልጅ

«ጋሼ፣ ላስታ ብልባላ፣ እማማ ዘንድ ልከርም ነው። መካከለኛ፣ የማይታጠፍ፣ ለፍልሚያ የሚሆን ቢላዋ የትኛው ይሻለኛል?» ብሎ ጻፈልኝ የእኅቴ ልጅ። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ስለ ቢላዋ የሚያውቀው ከስልኩ ያየውን ነው። ይህንኑ ጥያቄ ከሌሎች ጎረምሶችም ስለሰማሁ መልሱን እዚህ ልጻፈው አልኩ። ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

ስማ ልጄ፣ አያቶችህ ለጠብ ቢላዋ መርጠው አያውቁም። የላስታ ሰው ለመንገድ ሽመሉን ይዞ ይወጣል። ለዘመቻ ደግሞ ጦር፣ ጋሻና ጎራዴ ነበረው፤ ኋላ ውጅግራና ምንሽር መጣ። ሾተል የተባለው እንደ ማጭድ የታጠፈ ጎራዴ እንኳ የታጠፈው በምክንያት ነው፤ ከጋሻው ጀርባ ያለውን ሰው በጎን ዞሮ እንዲያገኘው። ቢላዋ የቤት ነው፣ ካራ የእርድ ነው። ጩቤ በጉያው ሸሽጎ የሚሄድ ሰው ሲነሣ ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን ያጠቁሩ ነበር፤ ጀግንነት ከሩቅ የሚታይ መሣሪያ መያዝ ነው ብለው ያምኑ ነበርና። የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችን ልብ ብለህ እይ፦ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጦር ይዟል፣ ቅዱስ ሚካኤል ሰይፍ መዟል። ቢላዋ የያዘው አብርሃም ነው፤ እሱንም መልአኩ ከላይ «ተው» ይለዋል።

ለጠብ የተሠራ ቢላዋ ከላስታ ሩቅ አይደለም እኮ። ከደጋው ወደ ምሥራቅ ብትወርድ፣ ራያን አልፈህ አፋር ስትገባ ጊሌ ታገኛለህ። በሁለት በኩል የተሳለ፣ መሐሉ ወፍሮ ጫፉ የታጠፈ፣ ከነሰገባው ሆድ ላይ አግድም የሚታጠቁት ነው። ያማረ ሥራ ነው፤ አልዋሽህም፣ እኔም ሳየው እጄን ይበላኛል። ግን ጊሌ ከነባለቤቱ ነው ጊሌ የሚሆነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ታጥቆት ያደገ፣ መቼ እንደሚመዘዝና መቼ ጨርሶ እንደማይነካ በጎሳው ሥርዓት የተማረ ሰው ወገብ ላይ ነው ቦታው። አንተ ጂንስ ሱሪ ላይ ብትታጠቀው ማጌጫ ነው፣ ያውም ጣጣ የሚያመጣ ማጌጫ።

ለጠብ የተሠራው ሁለተኛው ቢላዋ ሳንጃ ነው። የውጅግራ ሳንጃ ግማሽ ሜትር ያልፋል፤ የለበን ጠመንጃው ደግሞ ስለት የለውም፣ እንደ ወስፌ አራት ማዕዘን ሆኖ የሾለ ብረት ነው። በጊዜ ብዛት ሳንጃው እያጠረ መጣ። የመጀመሪያው ክላሽ ሳንጃ ብረቱ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ከተሻሻለው ክላሽ ጋር የመጣው ወደ 15 ወረደ። በዚያ ላይ ብረቱን በሱትና ከሰገባው ጋር ተጋጥሞ ሽቦ መቁረጫ እንዲሆን አደረጉት። አየህ? ወታደሩ ራሱ ከመውጊያ ይልቅ መቁረጫ ነው የቸገረው። እኛ ቤት አንድ አሮጌ ሳንጃ ነበር፤ አባቴ ለአልጋ የሚሆን ጠፍር ሲያዘጋጅ ቆዳ ይበሳበት ነበር። ሽንኩርት ግን አይቆርጥም። እናቴ ሁለት ጊዜ ሞክራ ወረወረችው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሁለት ዝነኛ ቢላዋዎች ተሠርተዋል፤ ያንተ ጥያቄ በእነሱ ይመለሳል። አንዱን የሠሩት በሻንጋይ ፖሊስ ያገለገሉት እንግሊዛውያን ፌርበርንና ሳይክስ ናቸው። በ1941 (እ.ኤ.አ.) ለኮማንዶዎች የተሰጠው ይህ ቢላዋ በሁለት በኩል የተሳለ ነው፣ ቀጭንና እንደ መርፌ የሾለ፣ ብረቱ 18 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ዊልኪንሰን ነው ያመረተው፤ ያው ለኢትዮጵያ መኳንንትም ጎራዴ የሠራው ፋብሪካ። ለአንድ ነገር ብቻ የታሰበ ስለነበር ወታደሩ ጣሳ ሊከፍትበት፣ ሣጥን ሊፈለቅቅበት ሲል ጫፉ ይሰበር ነበር። ሌላው በ1942 (እ.ኤ.አ.) ለአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር የተሰጠው ካባር ነው። ርዝመቱ ከዚያኛው ብዙም አይለይም፤ ግን ዋናው ስለቱ በአንድ በኩል ነው፣ ጀርባው ወፍራም፣ እጀታው በተደራረበ ቆዳ የተሠራ። ለውጊያ ተባለ እንጂ ሥራው ጣሳ መክፈት፣ ገመድ መቁረጥ፣ ጉድጓድ መጫር ሆነ። ወታደሩም ወደደው፤ ዛሬም ይሠራል።

እኔ ከዚህ የምረዳው ይህን ነው። ቢላዋን ለጠብ የሚያስመርጠው ነገር ሁሉ ለሥራ የሚያስጥለው ነው። ሁለት ስለት ካለው አውራ ጣትህን ጀርባው ላይ ጭነህ አጥንት መለየት አትችልም። ጫፉ ከሾለ ቆዳ ስትገፍ ቆዳውን ይበሳብሃል፣ ዋጋውም ይወርዳል። እጀታው ላይ ያለው መስቀለኛ ብረት ጣትህን ከስለቱ ይከለክላል፣ እሱስ ደግ፤ ጎመን ስትከትፍ ግን ስለቱ መክተፊያው ላይ አያርፍልህም። መሐሉ ላይ ያለውን ቦይ ደግሞ «ደም መውረጃ» ይሉታል፤ አትመናቸው፣ ብረቱን ለማቅለል የሚደረግ ነው።

እስቲ ብልባላ ምን ትቆርጥበታለህ? ለዓመት በዓል በግ ታርዳለህ። ብልት ታወጣለህ፣ ለቋንጣ ትዘለዝላለህ፣ እማማ የዶሮውን አሥራ ሁለት ብልት እንድትለይ ካዘዘችህ ደግሞ እግዜር ይሁንህ! ሌሊት መንገድ ላይ ጅብ ፈርተህ ከሆነ ሽመልና ባትሪ ያዝ፤ ጅብ ቢላዋ እስኪያገኘው ድረስ ከቀረበህ ጉዳዩ አልቋል።

ሰው ፈርተህ ከሆነ ግን በደንብ እንነጋገር። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ራስን መከላከልን ይፈቅዳል፤ ጥቃቱ ሕገ ወጥ ከሆነ፣ ከደረሰ ወይም ሊደርስ ከተቃረበ፣ በሌላ መንገድ ማምለጥ ካልተቻለና የመለስከው ከመጣብህ ጋር ከተመጣጠነ። ከዚያ ካለፍክ አንቀጽ 79 ይመጣል፤ ቅጣት ይቀልልህ ይሆናል እንጂ ነፃ መውጣትህ እርግጥ አይደለም። አስበህ «ለፍልሚያ» ብለህ የገዛኸው ቢላዋ ዳኛው ፊት ሲቀርብ ምን እንደሚመስል አንተው ገምት። ከፍርድ ቤቱ በኋላ ደግሞ ደም አለ። በወሎ ደም ለማድረቅ አበጋር ቢጠራ፣ ሽማግሌ ቢለምን፣ ካሣ ቢከፈል፣ ዋጋውን የምትከፍለው አንተ ብቻ አይደለህም፤ ብልባላ ያለው ዘመድህ ሁሉ ነው። አንተ አውቶቡስ ተሳፍረህ አዲስ አበባ ትገባለህ፤ የአጎትህ ልጅ ግን ገበያ ለመሄድ መንገድ ይቀይራል።

ቢላዋውን ግን ግዛ። ከሱቅ የቻይናውን የሚያብረቀርቅ አትግዛ፤ አንድ ስንዝር የማይሞላ ከቀጥቃጭ አሠራ። ከመኪና ባሌስትራ ይሁን፤ ባሌስትራ ከመቶ 0.6 ገደማ ካርቦን ያለው ብረት ነው፣ ግሎ ዘይት ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል። ሠሪው ሲያቀላውና ሲነክረው ቆመህ እይ። ነክሮ ብቻ ከሰጠህ አትቀበል፤ እንደገና በቀስታ ሞቆ ካልለዘበ አንድ ቀን አጥንት ላይ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ሞረድ ይዘህ ሂድና ስለቱን ነካ አድርገው፦ ሞረዱ ካንሸራተተ ጥሩ፣ በቀላሉ ከበላው ብረቱ ለስላሳ ነው። ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ የዘለቀ ይሁን፣ የእጀታው ቀንድ ከሁለት በኩል ተገጥሞ በሚስማር ይመታ። እጅህን በውሃ አርሰህ ጨብጠው፤ ከተንሸራተተ ይስተካከልልህ። ሰገባውን ወፍራም ቆዳ አድርገው።

ስለ ሠሪውም አንድ ነገር ልንገርህ። ሰፈር ውስጥ ስለ ቀጥቃጭ የሚወራውን ትሰማለህ፤ ቡዳ ነው፣ ማታ ጅብ ይሆናል፣ ምናምን። ምኒልክ እንኳ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፣ ዛሬም የማረሻና የቢላዋ ባለቤት ሁሉ ሠሪውን ይንቃል። ያሳፍራል። ጎንበስ ብለህ ሰላም በለው፣ ካቀረበልህ ቡናውን ጠጣ።

ስለዚህ ምርጫዬ፦ በአንድ በኩል የተሳለ፣ ጀርባው ወፍራም፣ አንድ ስንዝር የማይሞላ የቤት ቢላዋ። ተሠርቶ ሲያልቅ ለእማማ ስጣትና ማዕድ ቤት ይዋል፤ መንገድ ስትወጣ ሽመል ያዝ። ቀጥቃጩም ዋጋ ሲጠራ አትከራከረው።