የአባቴ ፓስ

ድሬዳዋ ለመሄድ ስታስቡ መጀመሪያ ትዝ የሚላችሁ አውሮፕላን ይሆናል። ለእኔም እንደዚያው ነበር። አባቴ ግን የድሮ ባቡር ሠራተኛ ነው፤ «ድሬ በባቡር ካልሆነ አልገባም» እንዳለ ከተማዋን ሳያይ ዓመታት አለፉ።

ልጆች ሳለን የነፃ መጓጓዣ ፓስ ነበረው። ብዙ ሄድንበት ብዬ ግን አልዋሻችሁም። ትኬቱ ነፃ ቢሆንም ዘመድ ቤት ባዶ እጅ አይገባም። እናቴ ቅቤውን፣ በርበሬውንና ሽሮውን እያሰላች «ይሄ ነፃ ጉዞ አከሰረን» ትል ነበር።

ዘንድሮ ጉልበቱ ሲከዳው ሳይ «ለከርሞ» ማለቱን ትቼ ለሦስት ሰው ትኬት ቆረጥኩ፤ ለእሱ፣ ለእኔና ለልጄ። እናንተም ካሰባችሁ ባቡሩ የሚነሳበትን ቀን አስቀድማችሁ አጣሩ፤ መታወቂያና ስንቅ ያዙ። መነሻው እንደ ድሮው ለገሃር ሳይሆን ከከተማው ዳር፣ ለቡ በኩል ስለሆነ በሌሊት ተነሱ።

ፍተሻው ጋ አባቴ ከትኬቱ ጋር ያንን አሮጌ ፓስ አውጥቶ ሰጠ። እኔ በእፍረት አንገቴን ደፋሁ። ወጣቷ ተቆጣጣሪ ፎቶውን አየች፣ እሱን አየች፤ ፓሱን በሁለት እጇ መለሰችለትና «አባባ፣ መስኮት ጋ ይቀመጡ» አለችው።

የድሮው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። በ2009 የተመረቀው አዲሱ 1.435 ሜትር ነው፤ የሚሄደውም በኤሌክትሪክ ነው። «ለዚህ ነው የማይወዛወዘው» አለ አባቴ፤ ቅር ያለው ይመስል ነበር። መተሐራ ላይ የፈንታሌን ተራራ ለልጄ አሳየው። አዋሽ ስንደርስ ግን ዝም አለ። ሠራተኛው ሁሉ ቡና የሚጠጣበት አሮጌ ጣቢያ አዲሱ መስመር ላይ የለም።

የድሬዳዋውም አዲስ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው። የባጃጅ ሾፌሩ፣ የልጅ ልጁ የሚሆን ጎረምሳ፣ «አንተ፣ ወዴት ነህ?» አለው። ለድሬ ልጅ አንቱታ የለም። አባቴ ከት ብሎ ሳቀና «አሁን ገና ደረስን» አለ።

ከዚራ ዛፎቹ ጥላ ሥር ስንዘዋወር፣ ሐዲዱ እዚህ የደረሰው በ1895 መሆኑንና ከተማዋም አብራው መወለዷን እየደጋገመ ለልጄ ነገረው። ጉልበቱን አንዴም አላነሳብንም።

ማታ ፓሱ ጠፋ። ቦርሳውን፣ ኮቱን፣ አልጋውን ሁሉ ፈተሽን። በመጨረሻ የተገኘው ልጄ ኪስ ውስጥ ነው።

«ለመመለሻ ነዋ!» አለን።