ስለ አሮጌው አውቶሞቢላችን ፖምፓ የተደረገ የቤት ምክር

በዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ጤና ጥበቃ ይጻፋል። እኛ ዛሬ የምንጽፈው ስለ አንዲት ጭብጥ ስለምታህል የብረት ዕቃ ነው። ነገር ግን ይህች የብረት ዕቃ በቤታችን ውስጥ ሦስት ሳምንት ሙሉ የእራት ጨዋታ፥ የማታ ክርክርና አንዳንድ ጊዜም የኩርፊያ ምክንያት ኾና ስለ ሰነበተች፥ የቤተ ሰብ ጕዳይ አይደለችም የሚለን ሰው ያለ አይመስለንም።

የምንኖረው በምዕራብ ሐረርጌ በገለምሶ ከተማ ነው። ያለን አውቶሞቢል፥ አገር ኹሉ ዲኤክስ ብሎ የሚጠራት አሮጌዋ ቶዮታ ኮሮላ ስትኾን፥ ከአባታችን የወረስናት ናት። ቀለሟ ቢደበዝዝም ሞተሯ እስከ ዛሬ አላሳፈረንም። ከገለምሶ በበዴሳ በኩል ወደ ጭሮ፥ ይኸውም ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ወደ ተባለችው ከተማ ስንወጣና ስንወርድ፥ ጫት የጫኑት አይሱዙዎች እንደ ነፋስ እየበረሩ ሲያልፉን፥ እርሷ በራሷ ርምጃ ስታደርሰን ኖራለች።

ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር እናታችን አንደኛው ዓይናቸው በሞራ ተጋርዶ ስለ ነበረ ወደ አዳማ ወስደን አሳከምናቸው። ሐኪሙ ዓይናቸውን ሸፍኖ ሲያሰናብተን፥ አቧራ እንዳይነካቸው፥ እንዳያጎነብሱ፥ ከባድ ነገር እንዳያነሡ አጥብቆ አስጠነቀቀን። ኹለተኛውንም ዓይን ከወር በኋላ ለማየት ቀጠሮ ሰጠን። በማግስቱ በማለዳ ተነሥተን አዋሽንና አሰቦትን ዐልፈን ሚኤሶ ስንደርስ ፀሓይዋ አናት ላይ ነበረች። እዚያ ምሳ በልተን ጥቂት ካረፍን በኋላ ወደ ጭሮ የሚወስደውን ዳገት ጀመርን። ከሚኤሶ እስከ ጭሮ ያለው ከፍታ ከ400 ሜትር በላይ ነው። እኩሌታውን እንኳ ሳንደርስ ሞተሩ ኹለት ሦስት ጊዜ አስነጠሰና ዝም አለ።

ኮፈኑን ከፍተን ብናይ የሚታይ ጕዳት የለም። ካንዴላው ይበራል፤ ቤንዚንም በቋቱ ውስጥ ሞልቷል። ግን ወደ ካርቡሬተሩ የሚደርስ ቤንዚን አልነበረም። እናታችን ዓይናቸውን እንደ ተሸፈኑ ከመንገዱ ዳር በአንዲት ግራር ሥር ተቀመጡ። መኪና ባለፈ ቍጥር አቧራው ስለሚመጣ ባለቤታችን በነጠላዋ ትከልላቸው ነበር። እኛ ስንርበተበት ከቈየን በኋላ እናታችን ነገሩን ጠይቀው፥ «ሞቆት እንደ ኾነ አቀዝቅዙታ» ብለው የራሳቸውን ነጠላ አውልቀው ሰጡን። ነጠላውን በመጠጥ ውሃችን ነክረን በፖምፓው ላይ ብናኖርበት ከሩብ ሰዓት በኋላ ሞተሩ ተነሣ። ጥቂት እንደ ሄድን ደግሞ ቆመ፤ ደግሞ ነጠላውን ነከርን። ሦስት ጊዜ እንዲህ አድርገን ጭሮ የገባነው ሊመሽ ሲል ነው። ያ ነጠላ ዘይት ጠጥቶ ቀረ፤ እስከ ዛሬም አልጠራም።

ገለምሶ በገባን ማታ ባለቤታችን ቍርጥ ያለ ቃል ተናገረች፤ «እማማን በዚህች መኪና ኹለተኛ የምትወስዷቸው ከኾነ፥ ፖምፓዋ በኤሌክትሪክ በሚሠራው ይለወጥ፤ አለዚያ በአውቶቡስ እንሄዳለን» አለች። በድሬዳዋ ያለው ወንድማችን በበኩሉ መኪናዋ ተሽጣ ሌላ እንድትገዛ መከረ። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የአሮጌዎቹም ዋጋ ንሯል፤ በኤሌክትሪክ የሚሄዱትም ከዐቅማችን በላይ ናቸው። እኛ ደግሞ፥ እውነቱን ለመናገር፥ ገንዘቡ አሳሳን። ለኤሌክትሪኩ ፖምፓና ለሠራተኛው የተጠየቅነው ዋጋ ከአንድ ወር ደመወዛችን የሚበልጥ ኾኖ፥ በዚያው ሰሞን የቤቱን ጣራ ቆርቆሮ ለመለወጥ ቈጥበን ያኖርነውን የሚነካ ነበር። ስለዚህ እኛ በገንዘቡ፥ ባለቤታችን በእናታችን ዓይን፥ ወንድማችን በስልክ፥ እየተከራከርን ሰነበትን።

በከተማው ካሉት ጋራዦች በአንዱ ያለ ወጣት ሠራተኛ፥ ከአዲስ ዐይነት መኪና የወጣ ጠንካራ የኤሌክትሪክ ፖምፓ እንዳለውና በግማሽ ዋጋ እንደሚገጥምልን ነገረን። «ይህ ሲገፋ ተራራም አያቆመው» አለን። እኛም ለመስማማት ጥቂት ቀርቶን ነበር። ነገር ግን ከመክፈላችን በፊት፥ በወጣትነታቸው በድሬዳዋ የሠሩትንና አኹን በቤታቸው ተቀምጠው ለወዳጅ ብቻ የሚሠሩትን አንድ ሽማግሌ መካኒክ እንጠይቅ ብለን ሄድን።

ሽማግሌው መኪናዋን ከማየታቸው በፊት ቡና አስፈሉ። (መካኒኮቻችን ፖምፓ፥ ካንዴላ፥ ኮፈን፥ ማርሚታ ሲሉ ሰው ኹሉ ይሰማቸዋል፤ ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከአገራችን ሲወጣ ቃሉ በጋራዥ ውስጥ ቀርቷልና።) ቡናው እስኪደርስም ስለ ጥንቱ ፎርድ ቲ የተባለው አውቶሞቢል አጫወቱን። ያ አውቶሞቢል ከ1908 እስከ 1927 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተሠራ ሲኾን የቤንዚን ፖምፓ አልነበረውም፤ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ወደ ሞተሩ ይወርድ ነበር። ስለዚህ ቋቱ ጐደል ባለ ጊዜ ቀጥ ያለ ዳገት ቢያጋጥመው፥ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ መውረድ ስለሚያቅተው፥ ነጂው መኪናውን አዙሮ ወደ ኋላ እየነዳ ይወጣ ነበር። «አንተ ግን ወደ ኋላ አትሂድ» ብለው ሳቁብን።

ከዚያ በኋላ የወጣቱን ምክር ነገርናቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «የእናንተ መኪና ካርቡሬተር ናት። በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የምትዘጋው አንዲት መርፌ ናት፤ እርሷም የምትችለው የአየርን ግፊት ሲሶ እንኳ የማይሞላ ግፊት ነው። ያ የአዲሱ መኪና ፖምፓ ግን ሦስት የአየር ግፊት ያህል ይገፋል። ዐሥር እጥፍ ማለት ነው። መርፌዪቱ ትሸነፋለች፤ ቤንዚኑ ሞልቶ በጋለው ሞተር ላይ ይፈሳል። እናትህን በዚያ ውስጥ ታስቀምጣለህን?» አሉን። እኛም ባለ ግማሽ ዋጋው ነገር በልባችን ጠፋ።

ቀጥለው የቤንዚኑን ቱቦ ከካርቡሬተሩ ነቅለው በባዶ ጠርሙስ ውስጥ አደረጉና ሞተሩን እንድናስነሣ አዘዙን። በካርቡሬተሩ ውስጥ በቀረው ቤንዚን ሞተሩ ሲሠራ፥ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ግማሽ ሊትር ያህል ተጠራቀመ። «ይህ በሰዓት 30 ሊትር ነው፤ አንተ በዳገት በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትወጣ በሰዓት የምታቃጥለው ከ6 ሊትር ብዙም አይበልጥም። እንግዲህ ፖምፓህ አላነሰም። የጐደለህ ብዛት አይደለም» አሉ። የሞተሩንም ዘይት መለኪያ ዘንግ መዝዘው አሸተቱት። በፖምፓው ውስጥ ያለው ስስ የጎማ ቆዳ ቢቀደድ ቤንዚኑ ወደ ዘይቱ ስለሚገባ ሽታው ይናገራልና። አልሸተተም።

እንግዲያውስ ችግሩ ምንድን ነው ብለን ጠየቅናቸው። ነገሩን እንዲህ ብለው አስረዱን። ቤንዚን እንደ ውሃ በአንድ ሙቀት የሚፈላ ነገር አይደለም፤ ቀላሉ ክፍል ከ40 ዲግሪ በታች መትነን ይጀምራል። የእኛ ፖምፓ በሞተሩ ጎን ተጣብቆ ከኋላ ካለው ቋት የሚስብ ነው። የሚሳብ ነገር ደግሞ ግፊቱ ስለሚቀንስ ቶሎ ይፈላል። በዚህ ላይ ወደ ደጋ በወጣን መጠን የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ በጭሮ ከፍታ ከባሕር ጠረፍ ግፊት አራት አምስተኛው ያህል ብቻ ነው። የሚኤሶ ሙቀት፥ የዳገቱ ዝግታና የከፍታው አየር ሦስቱ ሲተባበሩ ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ ፖምፓው ደግሞ እንፋሎት መሳብ አይኾንለትም። የእናታችን እርጥብ ነጠላ የሠራው እንፋሎቱን መልሶ ፈሳሽ ስላደረገው ነው።

በዚህ ጊዜ ባለቤታችን፥ አብራን መጥታ ነበርና፥ «አባባ፥ ታዲያ የኤሌክትሪኩ ከቋቱ አጠገብ ገብቶ ቢገፋው አይሻልምን?» አለቻቸው። ሽማግሌውም እውነትሽን ነው አሉ። ዝቅተኛ ግፊት ያለው፥ ለካርቡሬተር ተብሎ የተሠራ ፖምፓ ከቋቱ አጠገብ ቢገጠም ቤንዚኑ ስለሚገፋ እንጂ ስለማይሳብ በቀላሉ አይፈላም። ግን አንድ ነገር ጨመሩ፤ የዛሬው ፖምፓ ሞተሩ ሲቆም አብሮ ይቆማል። የኤሌክትሪኩ ግን መኪናዪቱ ተጋጭታ ብትገለበጥም ቁልፉ እስካልተዘጋ ድረስ ቤንዚን ይገፋል። ስለዚህ የዘይቱ ግፊት ሲጠፋ መብራቱን የሚቈርጥ መዝጊያ አብሮ ካልገባ እርሳቸው እጃቸውን እንደማያስገቡበት ነገሩን። ባለቤታችን ይህን ስትሰማ ለጊዜው ዝም አለች፤ እኛም የምንናገረው አጣን።

ነገሩ በዚህ አላለቀም። ሽማግሌው ፖምፓውን ሲፈቱት በፖምፓውና በሞተሩ መካከል ጣታቸውን ከተው ዳሰሱና፥ «ሰሌዳው የት አለ?» አሉ። እኛ የምን ሰሌዳ አልን። ፖምፓው ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፥ ሙቀቱን የሚከለክል፥ እንጨትም ብረትም ያልኾነ ጥቁር ውፍር ሰሌዳ እንደሚገባ ነገሩን። ያን ጊዜ ትዝ አለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ፖምፓውን ለመለወጥ ለሠራተኛ ከምንከፍል ራሳችን እንሥራው ብለን በገዛ እጃችን ፈትተን ገጥመነው ነበር። ያን ጥቁር ነገር የተሰበረ ቍራጭ መስሎን ጥለነዋል። የጎማውንም ቱቦ ያሳጠርነው እኛው ነን። ቱቦው አጥሮ ከጢሱ መውጫ ብረት ጋር ጣት በማይገባበት ቅርበት ያልፍ ነበር።

ይህን ለባለቤታችን መናገር ቀላል አልነበረም፤ እርሷ ግን አጠገባችን ቆማ ኹሉን ሰምታለች። የተናገረችው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ለዚያ ጊዜ የቈጠባችኹት ስንት ነበር?» አለች። አላስታወስነውም።

ሽማግሌው ከአሮጌ የቆርቆሮ ሣጥናቸው ውስጥ እየፈለጉ ልኩ የኾነ ሰሌዳ አገኙልን። ቱቦውን በአዲስና በረጅም ለውጠው ከጢሱ መውጫ አርቀው በሌላ መንገድ አሳለፉት። ማጣሪያውንም ለወጡት፤ ነዳጅ በጠፋ ጊዜ ሰው ሃይላንድ በሚለው የውሃ ጠርሙስ የገዛነው ቤንዚን ያመጣው ደለል በውስጡ ነበርና። የቆርቆሮው ገንዘብ ሳይነካ ቀረ።

ስለ ኤሌክትሪኩ ፖምፓ ግን በቤታችን ውስጥ ስምምነት አልተገኘም። ባለቤታችን የሽማግሌውን ሥራ ብታምንም እኛን ለማመን ምክንያት እንደሌላት በትሕትና አስታወቀች። በመጨረሻ እንዲህ ብለን ተዋዋልን። ከቀጠሮው አንድ ሳምንት አስቀድመን፥ እናታችንን ሳንይዝ፥ ሚኤሶ ወርደን በቀትር ዳገቱን እንወጣለን፤ አንድ ጊዜ እንኳ ብትቆም የጣራው ገንዘብ ለኤሌክትሪኩ ፖምፓና ለመዝጊያው ይውላል። ባልና ሚስት ኾነን ሄድን። ሚኤሶ አንድ ሰዓት ሙሉ በፀሓይ አቆምናት፤ ከዚያ ተነሥተን በኹለተኛ ማርሽ ወጣን። ቀድሞ በቆመችበት ግራር አጠገብ ስንደርስ ባለቤታችን መስኮቱን ከፍታ አየችው እንጂ ምንም አልተናገረችም። ሞተሩ አላስነጠሰም። ጭሮ ገብተን ሻይ ጠጣን።

በሰኔ ወር እናታችንን ለኹለተኛው ዓይናቸው ስንወስድ፥ ገና ገለምሶ ሳለን ወደ መኪናው ሲገቡ አንድ ዘንቢል ይዘው አየናቸው። በውስጡ አምስት ሊትር ውሃና ያ ዘይት የጠጣው ነጠላ ነበር። እንደማያስፈልግ ብንነግራቸው፥ «ይቀመጥ፤ ምን ይበላል» አሉን። እስከ አዳማ ሄዶ ደርቆ ተመለሰ፤ አኹንም በመኪናዪቱ የኋላ ሣጥን ውስጥ ነው።